የደረቀ ትከሻ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና እና በቀዶ ሕክምና እንዴት ይታከማል?

ከጥቂት ወራት በፊት ጸጉርዎን ማበጠር፣ ነጠላ ወደ ኋላ መጣል ወይም ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ማውረድ ምንም አይከብድዎትም ነበር። አሁን ግን ትከሻዎ ያምማል፤ ከሕመሙም አልፎ ክንድዎ አልነሳም ብሏል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አይችሉም። የቤተሰብ ሰው ሲጠይቅዎ "ብርድ መትቶኝ ነው" ብለው ያልፉታል።

ይህ ችግር በሕክምና የትከሻ መድረቅ ይባላል። ብዙ ሐኪሞች "ፍሮዝን ሾልደር" በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይጠሩታል። ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ሥራንና እንቅልፍን ይነሳል። እንደ ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬ፣ ገደብና ቡሌ ባሉ የጌዴኦ ዞን አካባቢዎች ደግሞ አብዛኛው ሥራ የሁለት እጅ ሥራ ነው። ቡና ለመልቀም ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ዝቅ አድርጎ በሌላው መልቀም ያስፈልጋል፤ እንሰት መፋቅም የትከሻ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ትከሻው የደረቀበት ሰው "መቼ ይሻለኛል? ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል ወይ?" ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚታከም፣ ቀዶ ሕክምና መቼ እንደሚታሰብና ከመወሰንዎ በፊት ምን ማወቅ እንዳለብዎ እናስረዳለን።

የትከሻ መድረቅ ምንድን ነው?

የትከሻ መጋጠሚያ በሰውነታችን ካሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው። የክንድ አጥንት ድቡልቡል ራስ በትከሻ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ይህን መጋጠሚያ ዙሪያውን የሚሸፍን ስስና የሚለጠጥ ከረጢት አለ። በጤናማ ሰው ይህ ከረጢት ላላ ያለ በመሆኑ ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንደልብ ይሄዳል።

ትከሻ ሲደርቅ ከረጢቱ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ሕመም የሚፈጥረው ይህ ነው። ቀስ በቀስ ደግሞ ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። የክንድ አጥንት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚጠብ ክንዱ አልንቀሳቀስም ይላል።

"ፍሮዝን" ማለት "የቀዘቀዘ" ወይም "በረዶ የሆነ" ማለት ቢሆንም ሕመሙ ከአየር ቅዝቃዜ ጋር አይገናኝም። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1934 ኮድማን በተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የተሰጠ ሲሆን የሚገልጸው የትከሻውን አለመንቀሳቀስ ነው። እንደ ቡሌ ባለ ደጋም ሆነ እንደ ዲላ ሞቅ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው በእኩል ሊይዘው ይችላል። ብርድ ሕመሙን የሚያባብስ ቢመስልም ምክንያቱ እሱ አይደለም።

ማንን ያጠቃል?

በአጠቃላይ ከ100 ሰዎች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይህ ችግር ያጋጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ያለ ምንም የሚታወቅ ምክንያት ሊጀምር ይችላል። የሚከተሉት ግን ዕድሉን ይጨምራሉ።

• የስኳር በሽታ። ከስኳር ሕሙማን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ትከሻቸው ሊደርቅ ይችላል። በእነሱ ላይ ሕመሙ ይበረታል፣ ይረዝማል፣ ለሕክምናም ቶሎ አይመለስም።
• የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ወይም ማነስ።
• ክንድን ለረጅም ጊዜ ሳያንቀሳቅሱ መቆየት፤ ለምሳሌ ከስብራት፣ ከጡት ቀዶ ሕክምና ወይም በስትሮክ ግማሽ አካል ከደከመ በኋላ።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ የስኳር ምርመራን ይያዙ። ትከሻዎ ያለ ምክንያት ከደረቀና ስኳርዎን ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ምርመራውን ያድርጉ። አንዳንድ ሰዎች የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚህ አጋጣሚ ነው። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ምልክት ለሌለው ሰው በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ምርመራው በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ቀላል ምርመራ ነው፤ የሚያድነው ግን ትከሻን ብቻ ሳይሆን ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርንም ነው።

ሦስቱ ደረጃዎች

የትከሻ መድረቅ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። የትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ማወቅ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ደረጃ የሚረዳ ሕክምና በሌላው ላይረዳ ይችላል።

1. የሕመም ደረጃ። ሕመሙ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ በተለይ ሌሊት ይብሳል። እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ6 ሳምንት እስከ 9 ወር ሊቆይ ይችላል።
2. የድርቀት ደረጃ። ሕመሙ ቀለል ይላል፤ ትከሻው ግን እንደተያዘ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ወር ይቆያል።
3. የመላቀቅ ደረጃ። እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ሦስቱ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 3 ዓመት ይወስዳሉ። አብዛኛው ሰው በጊዜ ብዛት በደንብ ይሻለዋል። ሆኖም ሁሉም ሰው ሙሉ በሙሉ ይድናል ማለት አይደለም፤ አንዳንዶች ላይ መጠነኛ ሕመም ወይም የእንቅስቃሴ ማነስ ይቀራል።

ሐኪም እንዴት ያውቀዋል?

ዋናው ምርመራ የሐኪሙ እጅ ነው። ሐኪሙ ክንድዎን ራስዎ እንዲያነሱ ይጠይቅዎታል፤ ቀጥሎ እርስዎ ዘና ብለው እሱ ያንቀሳቅሰዋል። ትከሻ ሲደርቅ በሁለቱም መንገድ አይሄድም። በተለይ ክርንን ከጎን አስጠግቶ፣ ወደ 90 ዲግሪ አጥፎ፣ መዳፍን ወደ ውጭ ማዞር በጣም ይቸግራል።

ይህ ምልክት ከሌላ የተለመደ ችግር ለመለየት ይረዳል። የትከሻ ጅማት ሲበጠስ ሰውየው ክንዱን ራሱ ማንሳት ያቅተዋል፤ ሌላ ሰው ቢያነሳለት ግን ይነሳል። በደረቀ ትከሻ ግን ሌላ ሰውም ቢሆን ማንሳት አይችልም።

ራጅ የሚታዘዘው መድረቁን ለማየት አይደለም፤ በደረቀ ትከሻ ራጁ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚታዘዘው ሌሎች ችግሮች አለመኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው፤ እነዚህም የመጋጠሚያ መበላት፣ ሳይታወቅ የቆየ ውልቃት ወይም ስብራት፣ ዕጢ፣ እንዲሁም የአጥንትና የመጋጠሚያ ቲቢ ናቸው። ቲቢ በአገራችን የተለመደ በመሆኑ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ለሁሉም ሰው አያስፈልጉም፤ ምርመራው አጠራጣሪ ሲሆን ይታዘዛሉ።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረጉ ሕክምናዎች

አብዛኛው ሰው ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው ይሻለዋል። ሕክምናው ሕመምን ከማስታገስ ይጀምራል።

*የሕመም ማስታገሻ*

ፓራሲታሞል የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ችግር ካለ ወይም የሰውነት ክብደት አነስተኛ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ቁጣን ስለሚቀንሱ ይረዳሉ፤ ከምግብ በኋላና ለአጭር ጊዜ ይወሰዳሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ካለብዎ ወይም እርጉዝ ከሆኑ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዷቸው። ከመድኃኒት ቤት የዳይክሎፌናክ መርፌ እየገዙ በየጊዜው መወጋት አይመከርም።

ስቴሮይድ ኪኒን፣ ለምሳሌ ፕሬድኒሶሎን፣ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከ6 ሳምንት በላይ አይዘልቅም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይውሰዱ፤ በተለይ ስኳር ወይም ግፊት ካለብዎ።

*ወደ መጋጠሚያው የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ*

ይህ መርፌ በመቀመጫ ወይም በክንድ ጡንቻ ላይ እንደሚሰጠው አይደለም። የሠለጠነ ሐኪም በንጽሕና፣ መርፌውን በቀጥታ ወደ መጋጠሚያው ውስጥ ይሰጠዋል። ከሁሉም በላይ የሚረዳው በመጀመሪያው፣ ማለትም በሕመም ደረጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ መርፌው ከሌሎች ሕክምናዎች ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመምን ይቀንሳል፤ በቤት ውስጥ ከሚሠራ እንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ትከሻው ከደረቀና ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ግን የመርፌው ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለዚህ "ይለቀኛል" እያሉ አንድ ዓመት ከመቆየት ቀደም ብሎ መታየት የተሻለ ምርጫ ይሰጥዎታል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ መርፌው ለጥቂት ቀናት ስኳርዎን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በሽታዎን አስቀድመው ይንገሩ፤ ከመርፌው በኋላ ባለው ሳምንት ስኳርዎን ደጋግመው ይለኩ።

*ከረጢቱን በፈሳሽ መለጠጥ*

በአንዳንድ ትልልቅ ሕክምና ተቋማት በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ ንጹሕ የጨው ውሃ ከማደንዘዣና ከስቴሮይድ ጋር ወደ መጋጠሚያው ይገፋል። የተኮማተረው ከረጢት በፈሳሹ ግፊት ይለጠጣል። ሆስፒታል ማደር አያስፈልገውም።

*እንቅስቃሴና ፊዚዮቴራፒ*

ይህ የሕክምናው መሠረት ነው። መድኃኒትም መርፌም የሚሠሩት ትከሻው መንቀሳቀስ እንዲችል በር ለመክፈት ነው። በቤትዎ ከሚሠሩት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

• ማወዛወዝ። ደህነኛውን እጅ ጠረጴዛ ላይ ደግፈው ጎንበስ ይበሉ። የታመመው ክንድ እንዲንጠለጠል ይተዉትና በትንሽ ክብ ያወዛውዙት፤ በአንድ አቅጣጫ 10 ጊዜ፣ በሌላው 10 ጊዜ።
• በጣት ግድግዳ መውጣት። ግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶችዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይውጡ። የሚደርሱበትን ቦታ በከሰል ወይም በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ በየሳምንቱ ለውጡን ያያሉ።
• በዱላ ወደ ውጭ መግፋት። ክርኖችዎን ከጎንዎ አስጠግተው አንድ ዱላ በሁለት እጅ አግድም ይያዙ። በደህነኛው እጅ ዱላውን እየገፉ የታመመውን ወደ ውጭ ያዙሩት።
• በፎጣ ከኋላ መሳብ። ፎጣ ወይም ነጠላ ከጀርባ በኩል ይያዙ፤ ደህነኛው እጅ ከላይ፣ የታመመው ከታች ይሁን። ከላይ ባለው እጅ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡ።
• በደረት ላይ መሳብ። የታመመውን ክርን በደህነኛው እጅ ይዘው ክንዱን በደረትዎ ላይ ወደ ሌላው ትከሻ ይሳቡ።

ከመጀመርዎ በፊት ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ትከሻውን በሞቀ ፎጣ ማሞቅ ያቀልላል። በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ይሥሩ። መለጠጥ ሊሰማዎ ይገባል፤ ነገር ግን የሚያስጮህ ሕመም ወይም እስከ ሌሊት የሚቆይ ጥዝጣዜ ካስከተለ አብዝተዋልና ይቀንሱ። በሕመም ደረጃ ላይ ማወዛወዙ ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሕመሙ ሲቀንስ ይጨመራሉ።

ስለ ወጌሻ፣ ስለ ዋግምትና ስለ መተኮስ

በአካባቢያችን ክንድ አልነሳ ሲል ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ወጌሻ ነው። በቅርብ የሚገኝ፣ በቋንቋ የሚግባባና የሚታመን ሰው ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። በቅቤ ወይም በቅባት ቀለል ያለ ማሸት ጡንቻን ያዝናናል፤ ጉዳትም የለውም። አደገኛው ክንዱን በኃይል ስቦ ወይም ጠምዝዞ "ለማስለቀቅ" መሞከር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የተኮማተረው ከረጢት በኃይል ሲሳብ ይበልጥ ይቆጣል። ጡንቻዎች በሕመም ምክንያት ስለሚወጠሩ ኃይሉ ከረጢቱ ላይ ብቻ አያርፍም፤ ጅማት ሊበጥስ፣ በተለይ አጥንታቸው በሳሳ እናቶች ላይ የክንድ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ሐኪሞችም ክንድን በኃይል የሚያንቀሳቅሱበት ሕክምና አላቸው፤ እሱ ግን የሚደረገው ራጅ ታይቶ፣ በሽተኛው በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ሲላላ ነው።

በኃይል መሥራት እንደማያፋጥን ጥናትም ያሳያል። በኔዘርላንድስ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት 77 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ፣ ሌላው እስከ ሕመምና ከዚያም በላይ የሚሄድ ጠንካራ ፊዚዮቴራፒ ወሰደ። በመጨረሻ ጥሩ ደረጃ ላይ የደረሱት ከመጀመሪያው ቡድን 89 በመቶ፣ ከሁለተኛው 63 በመቶ ነበሩ።

ዋግምትና መተኮስ ደግሞ የሚነኩት ቆዳን ነው፤ ጥልቅ ወዳለው ከረጢት አይደርሱም። የሚተዉት ቁስል ግን በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ ቶሎ የማይድንና የሚመረቅዝ ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ሕክምና መቼ ይታሰባል?

ከላይ የተጠቀሱት ሕክምናዎች በአግባቡ ከ6 እስከ 9 ወር ተሞክረው ትከሻው አሁንም ሥራ የሚከለክል ከሆነ ሐኪሙ ቀጣዩን ደረጃ ሊያነሳ ይችላል። "በአግባቡ" የሚለው ቃል ይሰመርበት። ለሁለት ሳምንት ተሞክሮ የተተወ እንቅስቃሴ እንደተሞከረ አይቆጠርም። ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

*በማደንዘዣ ክንድን ማላቀቅ*

በሽተኛው በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል። የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ክንዱን በተለያየ አቅጣጫ በጥንቃቄ እየገፋ የተኮማተረውን ከረጢት ያላቅቃል። ቆዳ አይቀደድም፤ ሥራው ራሱ የሚወስደው ደቂቃዎችን ነው። ብዙ ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ አብሮ ይሰጣል። ሊያስከትላቸው የሚችሉ ጉዳቶች የክንድ አጥንት ስብራት፣ የጅማት መቀደድ፣ የትከሻ ውልቃትና የነርቭ ጉዳት ናቸው፤ የሚያጋጥሙት አልፎ አልፎ ነው። አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች አይመረጥም።

*በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና*

በትከሻው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ቀጭን ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ ይገባል። ሐኪሙ በስክሪን እያየ የወፈረውን ከረጢት ይቆርጣል። ጥቅሙ ኃይል ሳያስፈልግ የተኮማተረውን ቦታ ለይቶ መልቀቅ መቻሉና በዚያው ሌላ ችግር ካለ ማየት መቻሉ ነው። ሊያስከትላቸው የሚችሉት ደግሞ ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳትና የማደንዘዣ ችግሮች ናቸው። ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ሐኪም ስለሚፈልግ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም።

ትከሻን በሰፊው ከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ዛሬ እምብዛም አይደረግም። ከከባድ ስብራት ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለደረቀ ትከሻ አንዳንዴ ያስፈልጋል።

የትኛው ይሻላል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በብሪታንያ በ35 ሆስፒታሎች 503 ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሕሙማኑ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፦ በካሜራ ቀዶ ሕክምና፣ በማደንዘዣ ማላቀቅ፣ እንዲሁም የስቴሮይድ መርፌ የታከለበት ፊዚዮቴራፒ። ከአንድ ዓመት በኋላ የትከሻቸው ሁኔታ ከ48 ነጥብ ተመዘነ፤ ከፍ ያለ ነጥብ የተሻለ ትከሻ ማለት ነው። በካሜራ የታከሙት 40.3፣ በማደንዘዣ የተላቀቁት 38.3፣ መርፌና ፊዚዮቴራፒ የወሰዱት 37.2 አገኙ። ሦስቱም በደንብ ተሻላቸው፤ ልዩነቱ በሕይወታቸው ላይ ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው 10 አጋጣሚዎች 8ቱ በካሜራ ቀዶ ሕክምና ቡድን፣ 2ቱ በማላቀቅ ቡድን ነበሩ። በሌላ በኩል ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለጋቸው ሰዎች በፊዚዮቴራፒ ቡድን ይበዙ ነበር።

ለእኛ አንባቢዎች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ቀዶ ሕክምና ስላልተደረገልዎ ትከሻዎ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። መርፌና እንቅስቃሴ በአግባቡ ከተሠሩ ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምና የሚያደርስበት ቦታ ያደርሳሉ። ቀዶ ሕክምና ደግሞ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለው ትከሻ ጥሩ አማራጭ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

በሁለቱም መንገድ ትከሻው የሚላቀቀው በማደንዘዣ ክፍል ነው፤ ተላቅቆ የሚቆየው ግን በሽተኛው በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይጀመራል፤ ለሳምንታትም በየቀኑ ይቀጥላል። ክንድን በጨርቅ አንጠልጥሎ "እስኪድን" መቀመጥ ትከሻውን እንደገና ያደርቀዋል። ማስታገሻውን በሰዓቱ መውሰድ እንቅስቃሴውን ያስችላል። ቀላል ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቻላል፤ ከባድ ሸክምና እንሰት መፋቅን ወደመሳሰሉ ሥራዎች ለመመለስ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

ከዲላና ከጌዴኦ ዞን ለሚነሱ ታካሚዎች

ሕክምናውን በቅርብ ይጀምሩ። ስኳርና የደም ግፊት ለማየት፣ ማስታገሻ ለማግኘትና ለመጀመሪያ ምርመራ ጤና ጣቢያ በቂ ነው። ከዚያ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደሚመደቡበት ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍልዎ ይችላል። የተለየ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ሐዋሳ፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መጓዝ ሊኖርብዎ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደብተርዎን ይያዙ፤ በሪፈር ቅደም ተከተል ካልሄዱ ወጪው ላይሸፈንልዎ ይችላል። ታካሚው ጌዴኦኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ አስተርጓሚ የሚሆን የቤተሰብ ሰው አብሮ ይሂድ።

ቡና ሸጠው ወይም ዕቁብ አውጥተው ለቀዶ ሕክምና ከመነሳትዎ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለሐኪሙ ያቅርቡ።

• ሕመሜ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?
• የመጋጠሚያ መርፌ ልሞክር? ከሞከርኩ መቼ ውጤቱን እንገመግማለን?
• ብጠብቅና እንቅስቃሴ ብቀጥል ምን ይሆናል?
• ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊዚዮቴራፒ የት፣ ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል? ከቤቴ ምን መሥራት እችላለሁ?
• ጠቅላላ ወጪው ከመጓጓዣና ከማደሪያ ጋር ስንት ይሆናል?

አራተኛው ጥያቄ እንዳይዘለል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሩቅ ቀበሌ ተመልሶ ያለ እንቅስቃሴ የሚቀመጥ ሰው ገንዘቡንም ትከሻውንም ሊያጣ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ድንገተኛ ስላልሆነ ጊዜውን መምረጥ ይቻላል። በቡና ለቀማ ወቅት ከሚሆን ይልቅ ቤተሰቡ ሊያግዝዎና እርስዎም በየቀኑ እንቅስቃሴ ሊሠሩ በሚችሉበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል።

ቤተሰብ እንዴት ይርዳ?

የደረቀ ትከሻ ከውጭ አይታይም፤ እብጠትም ቁስልም የለውም። ስለዚህ ታካሚው "ሰነፈ" ሊባል ይችላል። ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን ይረዱለት። ከባድ ዕቃ ማንሳትን፣ ውሃ መቅዳትንና እንሰት መፋቅን ለጊዜው ይቀበሉት። ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀምጡት፤ ቀላል ሥራ መሥራቱ ይጠቅመዋል። እንቅስቃሴውን በየቀኑ ያስታውሱት፤ ክንዱን ግን አይሳቡለት።

ፈጥነው ወደ ሐኪም የሚሄዱባቸው ምልክቶች

• ከትከሻ ሕመም ጋር የደረት መጨነቅ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ላብ ካለ፤ ይህ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።
• ትከሻው ካበጠ፣ ከቀላና ከተኮሰ፣ ወይም ትኩሳት ካለ።
• ከውድቀት ወይም ከአደጋ በኋላ ክንድ አልነሳ ካለ፣ ወይም የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ።
• የእጅ መደንዘዝ ወይም መዛል ካለ።
• ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካለ ወይም በብብት ዕባጭ ከታየ።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

*ሌላኛው ትከሻዬም ይደርቃል?* ሊሆን ይችላል። ከአሥር ሰዎች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ከጊዜ በኋላ ሌላኛው ትከሻም ይያዛል። ሁለተኛው ሲጀምር ቶሎ መታየት ይጠቅማል። አንዴ የዳነው ያው ትከሻ ተመልሶ መድረቁ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

*ክንዴን ባሳርፈው አይሻልም?* አይሻልም። ከሚያምም ከባድ ሥራ ያሳርፉት እንጂ ከእንቅስቃሴ አያሳርፉት።

*ስኳር ስላለብኝ ቀዶ ሕክምና አይደረግልኝም?* ይደረጋል፤ ነገር ግን ስኳሩ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። የማገገሚያው ጊዜም ሊረዝም ይችላል።

ማጠቃለያ

የትከሻ መድረቅ ረጅም ቢሆንም የሚያልፍ ሕመም ነው። ስኳርዎን ይመርመሩ፤ በሕመሙ ደረጃ መርፌ እንደሚረዳዎ ይጠይቁ፤ በየቀኑ ሳይታክቱ፣ ሳያስገድዱም ክንድዎን ያንቀሳቅሱ፤ ክንድዎን በኃይል ለሚስብ ሰው አይስጡ። ይህን ሁሉ አድርገው ከ6 እስከ 9 ወር በኋላ ለውጥ ካላዩ ስለ ቀዶ ሕክምና ከአጥንት ስፔሻሊስት ጋር ይነጋገሩ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ስለሆነ የሐኪምዎን ምክር አይተካም።